ዶሮ በዘይቱንና በብርቱካን፦ ፎርኖ የሌለው ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ዘንባባ ጥላ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ ዶሮ ነው፤ ስለ ዶሮ ወጥ ግን አይደለም።

ወንድሜ ከነሚስቱ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። ቀኑን የመረጠችው እናቴ ናት። ጽጌን ስለምትጾም ከህዳር 6 በፊት አይሆንም፣ ህዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ህዳር ሚካኤል እዚያው መሀል ላይ ስለሚውልላት ደስ ብሏታል። የዚያን ቀን ዶሮ ወጡን እሷ ትሠራለች፤ እሱ ላይ ማንም አይነካትም።

የወንድሜ ሚስት የዚያው አገር ሰው ናት። በእነሱ አገር ይሄ ወቅት ቅጠል የሚረግፍበት፣ ብርድ የሚጀምርበት፣ ፖም የሚለቀምበት ነው። ዶሮውን ከፖምና ከሽንኩርት ጋር ፎርኖ ውስጥ ትከተዋለች አሉ። ወንድሜ ፎቶ ልኮልኛል፤ ቆዳው ቀላ ብሎ፣ ፖሙ ከሥሩ ተኝቶ። እንግድነት እንዳይሰማት አንድ ማታ እንደዚያ ያለ ነገር ላቀርብላት አሰብኩ።

ፎርኖ ግን የለኝም። ያለኝ ባለ ሁለት ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃና የከሰል ምድጃ ነው። የውጭ ፖም እዚህ ባህር ዳር ይገኛል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። አሁን ገበያው ላይ ያለው ዘይቱን፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ሎሚ፣ ሙዝ ነው። ከእነዚህ የትኛው ከዶሮ ጋር ይሄዳል? ወጡ እንዳይጣፍጥብኝ እፈራለሁ፤ በስኳር በኩል ማለቴ ነው። እናቴ ሐሳቤን ስትሰማ "ዶሮ ነው ወይስ ጭማቂ የምትሠሪው?" ብላ ስቃብኛለች።

ዶሮውስ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ?

ቀረሶ ጥብስ

ጣና ዳር ተቀምጦ ስለ ዶሮ መጨነቅ! ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርደሽ ትኩስ ቀረሶ ግዢ። ሎሚ ጨምቂበት፣ ጥበሺው፣ በአዋዜ አቅርቢው። ፍራፍሬውን ከእራት በኋላ ስጫት። ሥጋና ስኳርን አንድ ድስት ውስጥ ምን አገናኛቸው?

የጓዳ ሰው

እህቴ፣ ወንድማችንን አትስሚው። ቀረሶ የቀን ምግብ ነው፤ አንቺ የጠየቅሽው የብርድ ማታ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት ሲባል የዓሣ አጥንት ማለት አይመስለኝም።

እኔ እዚሁ ባህር ዳር የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት። አሁን ለድግስ እየተጠራሁ እሠራለሁ። ዶሮ አሮስቶ የእጄ ሥራ ስለሆነ ትንሽ ባስረዝም አትቀየሙኝ።

መጀመሪያ ፍሬው። ፖም ከዶሮ ጋር የሚስማማው ስለሚጣፍጥ አይደለም፤ ኮምጠጥ ስለሚል ነው። ያ ኮምጣጣነት ስቡ አፍ ላይ እንዳይከብድ ያደርገዋል። ስለዚህ ከእኛ ገበያ ጣፋጩን ሳይሆን ኮምጣጣውን ፈልጊ። ሙዝ ይፈርሳል። አቮካዶ እሳት ሲነካው ይመራል። የበሰለ ፓፓያ ድስት ውስጥ ቅርጹ አይገኝም። ማንጎ ጊዜው አይደለም፣ ጊዜውም ቢሆን አልመክርሽም ነበር። ዘይቱንና ብርቱካን ይበቁሻል፤ ሎሚውን ለመታጠቢያ።

ዘይቱኑን፣ ጭማቂ ቤቶች ጓቫ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ሳይልም ምረጪው። ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ መዞር የጀመረ፣ ሲጫኑት እምቢ የሚል። ስድስት ፍሬ ይበቃል። ለሁለት ክፈይና መሀሉን ከነዘሩ በማንኪያ አውጪው፤ ዘሩ ጠጠር ነው፣ እንግዳ ፊት ጥርስ ያሳፍራል። ያወጣሽውን ግን እንዳትጥዪው። በትንሽ ውሃ አፍልተሽ በወንፊት አጥልዪው። ዘይቱን ማርማላታን የሚያረጋው ነገር በተፈጥሮው አለው፤ ያ ጭማቂ መረቅሽን ወፈር ያደርግልሻል። ዱቄት የሚባል ነገር እንዳታስገቢ።

ብርቱካኑ ልጣጩ አረንጓዴ ነው ብለሽ አትለፊው። እንደኛ ያለ አገር ሌሊቱ በደንብ ስለማይቀዘቅዝ ውስጡ በስሎ ልጣጩ አረንጓዴ ሊቀር ይችላል። በእጅሽ መዝኚና ከበድ ያለውን ውሰጂ።

ዶሮው የፈረንጅ ይሁን፤ ታርዶ ተበልቶ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚሆን። የሐበሻ ዶሮ ውበቱ ወጥ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ይሄን ያዢልኝ፦ ዶሮውን የሚበልትልሽን ሰው ቆዳውን እንዳይገፍ ቀድመሽ ንገሪው። ለወጥ ስለለመድን እጃችን ሳናስበው ቆዳውን ይገፋል። አሮስቶ ያለ ቆዳ አሮስቶ አይደለም። ላባው ከተነጨ በኋላ የቀረውን በእሳት ለብልቢ፣ በሎሚና በጨው እጠቢ፣ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ በደንብ አድርቂው። እርጥብ ቆዳ አይጠበስም፣ ይቀቀላል። 12 ብልትም አያስፈልግም። ሁለት እግር ከነታፋው፣ ሁለት ደረት ከነአጥንቱና ከነክንፉ፤ አለቀ። ጀርባውና አንገቱ መረቅ ይሁን።

ከማታው ጨው፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ በስሱ የተፋቀ የብርቱካን ልጣጭ ቀብተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። የልጣጩን ላይኛውን ብቻ ፋቂ፣ ነጩ ይመራል። አልሙኒየም ድስት ውስጥ አታሳድሪው፤ ኮምጣጣ ነገር አልሙኒየም ላይ ሲቆይ ምግቡ ብረት ብረት ይላል። ጎድጓዳ ሳህን ይሻላል።

አሁን ወደ እሳቱ። ድፎ ሲጋገር አይተሻል አይደል? ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት። ፎርኖሽ እሱ ነው።

ወፍራም ብረት ድስት ያዢ፣ እጀታው ፕላስቲክ ያልሆነ። ዘይትና ንጥር ቅቤ ቀላቅለሽ አግይ። ዶሮውን ቆዳውን ወደ ታች አስተኝተሽ 10 ደቂቃ ገደማ ተዪው። አትነካኪው! ቆዳው ቀልቶ በራሱ ጊዜ ድስቱን ይለቃል። ሲለቅ አውጪው። በዚያው ቅባት በቁመቱ የተከተፈ ሦስት ቀይ ሽንኩርት ቁላዪ፤ ለወጥ እንደሚቁላላው አይደለም፣ እስኪለሰልስ ብቻ። የጥብስ ቅጠል፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ። ቅርንፉዱን አብዝተሽ ቤቱን የጥርስ ሐኪም ክፍል እንዳታስመስዪው። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ጠጅ አፍስሺ፣ ስኳሩ ያለቀለት ደረቅ ጠጅ። እነሱ ወይን ጠጅ የሚጨምሩበት ቦታ ላይ የጎጃም ጠጅ ምንም አያንሰውም። አንድ ጭልፋ መረቅና ያጠለልሽውን የዘይቱን ጭማቂ ጨምሪ። ዱባም ካለሽ በትልልቁ ቆርጠሽ ከሥር አድርጊው።

ዶሮውን አሁን ቆዳውን ወደ ላይ አድርገሽ ከላይ ደርድሪ። መረቁ ቆዳውን እንዳያጥለቀልቀው። ድስቱን የከሰል ምድጃው ላይ ጣጂ፣ ጠፍጣፋ ብረት ክደኚበት፣ ክዳኑ ላይ ፍም አድርጊ። ከታች ጥቂት፣ ከላይ ብዙ። ከሥር የበዛ እንደሆነ ሽንኩርቱ ያርርና ሁሉንም ያበላሽብሻል። ከ25 ደቂቃ በኋላ ከፍተሽ ዘይቱኑንና በወፍራሙ የተቆረጠውን ብርቱካን ጨምሪ። ሌላ 15 ደቂቃ። ፍሬው ከመጀመሪያው ከገባ ማርማላታ ነው የምትበሉት። ታፋውን አጥንቱ አጠገብ ስትወጊው ቀይ ነገር እንዳይወጣ፤ የምግብ ቴርሞሜትር ካለ ውስጡ 74 ዲግሪ ይድረስ።

ይሄን ሁሉ በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ሥሪው። በር ተዘግቶ ከሰል አይነድም፣ ይገድላል።

እና ልቆጣሽ፦ ከዶሮ ወጡ ጋር በአንድ መሶብ እንዳታቀርቢው። ዶሮ ወጥ አጠገብ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ይጠፋል። ለሌላ ማታ ይሁን፣ ረቡዕና ዓርብ ያልሆነ። እንጀራም ይቅር። ድፎ ዳቦ ጎምደሽ አቅርቢላቸው፣ መረቁን የሚመጠው እሱ ነው።

የዘጌ ልጅ

የጓዳ ሰው ሁሉንም ብለውታል። ሎሚውን በተመለከተ ብቻ፦ ከእኛ ከዘጌ የሚመጣውን ጠይቂ። ጫካው ውስጥ ከቡናውና ከጌሾው ጋር የሚያድገውን። ትንሽ ነው፣ መልኩም አያምርም፣ መዓዛው ግን ሌላ ነው። ዶሮው ከወጣ በኋላ ጥቂት ጠብታ ጨምቂበት፤ እሳት ላይ እያለ አይደለም።

ትርንጎ ካገኘሽም አትለፊው። የትርንጎ ነጩ እንደ ብርቱካን አይመርም፣ ይበላል። በስሱ ቆራርጠሽ ከዘይቱኑ ጋር አስገቢው።

ማር እጨምራለሁ የሚል ሰው ከመጣ አትስሚው። ዘይቱኑና ጠጁ ይበቃሉ።

ዘንባባ ጥላ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "እትዬ" ያልኩት በአነጋገርዎ ነው፣ ወንድ ከሆኑ ይቅርታ!

የቆዳውን ነገር ባይነግሩኝ ኖሮ እናቴ በደቂቃ ገፋው ነበር። አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ። እናቴ የፈረንጅ ዶሮ እቤቴ አይገባም ብላለች። "ምራቴ ከባህር ማዶ መጥታ እዚያ የምትበላውን ላብላት?" ነው የምትለው። ከቅዳሜ ገበያ የሐበሻ ልትገዛ ነው። የሐበሻ በዚህ አሠራር ይሆናል ወይ? ደግሞ የድስቴ ክዳን መሀሉ ላይ ጉብ ያለ እጀታ አለው፤ ፍም የሚይዝ አይመስለኝም።

ስደተኛው ጎጃሜ

እኔ ያለሁት እነሱ አገር ነው። የልጅቷን ልማድ ስለማውቀው ሁለት ነገር ልበል።

እዚህ በዚህ ወቅት ፖም ብቻ አይደለም፤ በዶሮ ላይ ፒርም፣ የወይን ፍሬም፣ በለስም ይጨምራሉ። ስለዚህ ፖም የለም ብላ አትከፋም፣ ዘይቱኑን ስታይ እንዲያውም ትገረማለች። የግድ ፖም ካላችሁ ያቺን አረንጓዴዋን ኮምጣጣ፣ ግራኒ ስሚዝ የሚሏትን ፈልጉ፤ ስትበስል ቶሎ አትፈርስም። ቀዩ ጣፋጩ ለድስት አይሆንም።

ሌላው፣ የምስጋና ቀን የሚሉት ትልቁ የመከር በዓላቸው ኖቬምበር ውስጥ በአራተኛው ሐሙስ ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ይውላል። እናትሽ ያኔ ሥጋ ስለማያበስሉ ይቺ እራት በእሱ ፈንታ ትሁንላት። ብትነግሪያት ደስ ይላታል። እና ጦስኝ ጨምሪበት! እዚህ ያለ ጦስኝ ዶሮ ፎርኖ አይገባም፤ የእኛው የተራራ ጦስኝ ደግሞ ከዚህኛው ይበልጣል።

የጓዳ ሰው

ሴት ነኝ፣ አይዞሽ።

እናትሽ እውነት አላቸው፣ አልከራከራቸውም። የሐበሻ ከሆነ ግን መንገዱ ይለወጣል። መጀመሪያ መቀቀል አለበት። ቄብ እንዲገዙ ለምኚያቸው፤ እንቁላል የጣለች አሮጊት ዶሮ ከመጣች ማታው ይነጋል።

ገና ያልበሰለ አረንጓዴ ፓፓያ ፈልጊ። ልጠሽ ፈቅፍቂና ሥጋው ላይ ቀቢው፣ ግማሽ ሰዓት ተዪው፣ ጠርገሽ አንሺው። ጥሬ ፓፓያ ሥጋ የሚያለሰልስ ነገር አለው። አታሳድሪው ግን፣ ላዩ ይላሽቅብሻል። ከዚያ ከሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ጋር ውሃ አልብሰሽ በቀስታ ቀቅዪው። ከኢንተርኔት ያገኘሽው አሠራር 40 ደቂቃ ቢልሽ አትመኚው። ባህር ዳር ከባህር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ውሃችን 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። እዚያ ቶሎ የሚበስለው እዚህ ይዘገያል። ሰዓት ተኩል ያዢለት፣ ሹካ ሲገባለት አውጪው። እዚያ ላይ እንዳይበታተን ተጠንቀቂ።

ሲቀዘቅዝ አድርቂው፣ ከዚያ እንደነገርኩሽ ቆዳውን ጥበሺ። ከበሰለ በኋላ ስለሚጠበስ ክዳኑ ሥር የሚቆየው አጭር ነው፤ ፍሬው የሚፈልገውን 15 ደቂቃ ብቻ። ስለዚህ ዱባውን ቀደም ብለሽ ለብቻው ቀቅዪው፣ አለዚያ ጥሬ ይቀራል። አንድ የምታተርፊው መረቁን ነው። የሐበሻ ዶሮ መረቅ የፈረንጁ ሊሰጥሽ አይችልም። ትርፉን በማግስቱ ለቁርስ ሩዝ አብስዪበት።

የጦስኙን ነገር እስማማለሁ፣ ትንሽ ብቻ። የጥብስ ቅጠሉን ቀንሺለት፤ ሁለቱ ይጣላሉ።

ክዳኑን በተመለከተ፣ ብረት ሠራተኛ ጋ ሄደሽ ከድስቱ አፍ በአራት ጣት የሚሰፋ ጥቁር ላሜራ አስቆርጪ። ጠርዙን ዙሪያውን ወደ ላይ እንዲያጥፍልሽ ንገሪው፣ ፍሙና አመዱ እንዳይፈስ። ሁለት የሽቦ ጆሮም ያድርግለት። የቤት ክዳን ቆርቆሮ እንዳይሰጥሽ፤ ቅቡ ሲግል ክፉ ጭስ አለው። ስታመጪው መጀመሪያ ባዶውን እሳት ላይ አግለሽ እጠቢው፣ የፋብሪካ ቅባቱ ይውጣ። ዶሮውን ልታዪ ስትከፍቺ ደግሞ ቀጥ አድርገሽ አንሺው፣ አታዘንብዪው። ከአጠገብሽ ጡብ አስቀምጪና እሱ ላይ አሳርፊው።