ስኩተሬ ላይ የገጠምኩት አርፒኤምና ሰዓት ቆጣሪ ያበዛብኛል፣ ምን ላድርግ?

ጣና ዳር፦
ሰላም የሞተር ሰዎች። 150 ሲሲ ስኩተር አለኝ፣ ጂዋይ6 የሚባለው የቻይና ሞተር ያለው፣ ባህር ዳር ውስጥ ዕቃ አደርስበታለሁ። የኪሎሜትሩ ገመድ ሁለቴ አስቀይሬው ሁለቴም ተበጠሰ፣ ከዛ በኋላ ዘይት የምቀይረው በግምት ሆነ። አሁን አርፒኤምም (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር) ሞተሩ የሠራበትን ሰዓትም የሚቆጥር ትንሽዬ ዲጂታል ነገር አገኘሁና ራሴ ገጠምኩት፣ ባትሪው ውስጡ ነው፣ ያለችውን አንድ ሽቦ የካንዴላው ገመድ ላይ 8 ዙር ጠመጠምኳት። ችግሩ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳልሰጠው) 3400 ይላል!! ሞተሩ እኮ እንደዛ አይጮህም። ጋዝ ስሰጠው ደግሞ ቁጥሩ ዝም ብሎ ይዘላል። የተበላሸው ዕቃው ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ቦቢና፦
ሁለታችሁም ደህና ናችሁ ሃሃ። ሴቲንጉ ነው። ፎር ስትሮክ ስለሆነ በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚተኩሰው ብለህ ሞላኸው አይደል? በመጽሐፉ ልክ ነህ፣ ግን የጂዋይ6 ሲዲአይ (ብልጭታውን የሚያዘው ሳጥን) ምልክቱን የሚወስደው ከሞተሩ ጋር አብሮ ከሚዞረው ክብ ብረት፣ ከቮላኖው ስለሆነ በየዙሩ ይተኩሳል፣ አንዱ ብልጭታ ጭሱ ሲወጣ በከንቱ ይባክናል። ቆጣሪህ ይሄን ስለማያውቅ እያንዳንዱን ብልጭታ እንደ ሁለት ዙር ይቆጥረዋል። ቁልፉን ተጫንና 1ፒ1አር (በአንድ ዙር አንድ ብልጭታ) ላይ አድርገው፣ 3400 የነበረው 1700 ይሆናል፣ የዚህ ሞተር ትክክለኛ ሚኒሞም እዛው አካባቢ ነው።
ለሚዘለው ደግሞ 8 ዙር በጣም በዝቷል፣ 3 ወይ 4 ይበቃል። ካንዴላህንም እየው፣ ሲ7ኤችኤስኤ ከሆነ ውስጡ ሬዚስተር የለውም፣ ሲአር7ኤችኤስኤ ብትገዛ ረብሻው ይቀንሳል። ሽቦውን ከማርሚታው አርቀህ በናስትሮ እሰረው፣ የካንዴላውን ገመድ ግን እንዳትልጠው አደራ፣ በሺዎች ቮልት ነው የሚያልፍበት።

ማርሽ የለሽ፦
ስኩተር ላይ አርፒኤም ምን ያደርጋል ግን? ማርሽ አትቀይር። ጌጥ ነው።

ቦቢና፦
እንዴ! ሮለር (በማርሽ ፋንታ የሚሠሩት ትንንሽ ክብደቶች) ስትቀይር በምን ልታውቅ ነው? ቀላል ሮለር ካስገባህ ሞተሩ ከፍ ብሎ ይዞራል፣ ከባድ ከሆነ ይወርዳል፣ በጆሮ ስትገምት ግን ቀኑን ሙሉ ክዳን ስትፈታ ትውላለህ። ቺንጊያ ሲንሸራተትም ፍጥነቱ ሳይጨምር ቁጥሩ ብቻ ሲወጣ ታየዋለህ።

ጣና ዳር፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥህ፣ 1720 አካባቢ ቆመ 🙏 አሁን ዘይቱን በስንት ሰዓት ልቀይር? ድሮ በ1500 ኪሎሜትር ነበር።

እማማ ስኩተር፦
እኔ እንዲህ ነው የማሰላው፦ ከተማ ውስጥ ቆሞ መጠበቁም ተደምሮ በአማካይ በሰዓት 25 ኪሎሜትር ብትሄድ 1500ው 60 ሰዓት ይሆናል። ግን አንተ ደንበኛ በር ላይ ሳታጠፋ የምትጠብቅ ከሆነ ኪሎሜትር ሳይሄድ ዘይቱ ይሠራል፣ ሰዓት ቆጣሪ የሚሻለውም ለዚህ ነው። ይቺ ሞተር የምትይዘው ዘይት አንድ ሊትር እንኳን ስለማይሞላ እኔ 40 ላይ እደፋዋለሁ። ቁጥሩን ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ የውስጡ ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል፣ እኔ ተቃጥዬበታለሁ። ላቫጆ ስትወስዳትም በፕሬዠር እንዳይመቱት ንገራቸው።