ጥቆማ፦ መሃል ከተማ የተቆላ ቡና በፍሬው የት ልግዛ?

የስድስት ኪሎ ተከራይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ቢበዛ እስከ ስታዲየም ባለው ውስጥ ጥሩ የተቆላ ቡና የሚሸጥ ቤት ጠቁሙኝ። ያልተፈጨ ነው የምፈልገው፤ ቤት መፍጫ አለኝ። አቆላሉ መካከለኛ ይሁንልኝ፣ ያረረ አልወድም። የተቆላበት ቀን ማሸጊያው ላይ ቢጻፍ ደግሞ ደስ ይለኛል። የማፈላው በወረቀት ማጣሪያ ነው፣ አንዳንዴ በሞካ (ምድጃ ላይ በምትጣደው የጣሊያን ማፍያ)። ጀበናዋን እናቴ ስትመጣ ነው የማወጣት። ደመወዝተኛ መሆኔን ከግምት አስገቡልኝ።

የዋቬል ጎዳና ልጅ፦
ቶሞካ። አለቀ። ቀጣይ ጥያቄ።

የስድስት ኪሎ ተከራይ፦
ቶሞካን ማን ያጣዋል ወንድሜ። ግን ለእኔ ማጣሪያ ጠቆር ይልብኛል። ቀለል ያለ ነው የፈለግኩት።

የዋቬል ጎዳና ልጅ፦
ከፈረንጆቹ 1953 ጀምሮ እየቆላ ላለ ቤት "ጠቆር ይልብኛል" ይባላል? አባቴ እዚያ ቆሞ ነው የጠጣው፣ እኔም ቆሜ ነው የምጠጣው። የጠቆረው ማጣሪያህ እንዳይሆን፣ እሱን እየው።

ማኪያቶ ሱሰኛ፦
ካልዲስ ሂድ። ማኪያቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፣ የትኛውም ቅርንጫፍ ብትገባ።

ጥቁር ሲኒ፦
ሰውየው ፍሬ ነው ያለው።

ማኪያቶ ሱሰኛ፦
ገባኝ። እኔ የማውቀውን ነው የጻፍኩት።

እቴ ረከቦት፦
እኔ የሚገርመኝ፣ የቡና አገር ተቀምጦ የተቆላ መግዛት ከየት መጣ? መርካቶ ቡና ተራ ግባ፣ ጥሬውን በእጅህ ዘግነህ አይተህ ግዛ። ቤትህ ለቅመህ፣ አጥበህ፣ በምጣድ ቁላው። መካከለኛ ከፈለግህ መንጣጣት ሲጀምር ጥቂት ታገሥና አውጣው። በሰፌድ እያገላበጥህ ቶሎ አቀዝቅዘው፣ አለበለዚያ በራሱ ሙቀት መጥቆሩን ይቀጥላል። ቀኑንም ራስህ ትጽፍበታለህ።

የስድስት ኪሎ ተከራይ፦
እቴ፣ ምክሩ ጥሩ ነበር። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ባለፈው ቆልቼ ጎረቤቶቼ እሳት ተነሳ ብለው በር ደበደቡ።

ለገሃር፦
ከመግዛትህ በፊት የእኔን ስማ። ስሙን አልጠራም። መሃል ከተማ ያለ፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ቤት ነው። ቶሮንቶ ላለችው እህቴ ልልክ ብዬ ይርጋጨፌ የሚል የተጻፈበት ከረጢት ገዛሁ፣ ለራሴም አንድ ጨመርኩ። የራሴን ከረጢት ቤት ወስጄ ስከፍተው ፍሬው በዘይት ተለውሶ ጥቁር ብሏል። ይሁን ብዬ መፍጫ ውስጥ ጨመርኩት። ቀጭ! አለና ቆመ። ገልብጬ ሳየው ሽንብራ የምታክል ጠጠር። የመፍጫው ጥርስ ተሸርፏል።
ጠጠሩንም ቡናውንም ደረሰኙንም ይዤ ተመለስኩ። ልጁ አየና "እህቴ፣ ቡና እኮ የተፈጥሮ ነገር ነው" አለኝ። ኃላፊውን ጥራልኝ አልኩት። ኃላፊው መጥቶ የተከፈተ እቃ አንመልስም አለ። ሳልከፍተው ጠጠር እንዳለው በምን ልወቅ? ስለው፣ "ሌሎች ደንበኞች አላማረሩም" አለኝ። የእህቴን ከረጢት ሳልከፍት መላክ ፈርቼ እስካሁን ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
ስሙን ጥሪልን እንጂ! ሰው ልታስጨርሺ ነው?

ለገሃር፦
አልጠራም አልኩ። ሰዎቹ ጠበቃ አላቸው፣ እኔ ጠጠር ብቻ ነው ያለኝ።

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ። ወይም የበሩን ቀለም።

የዋቬል ጎዳና ልጅ፦
ከቶሞካ ብትገዢ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጥቁር ሲኒ፦
እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። እነዚህ ከረጢቶች ጀርባ ላይ "የጃስሚን፣ የሎሚና የኮክ ቃና" ተብሎ ይጻፋል። እህታችን የካባ ድንጋይ ቃና ደርሷታል። ውድ ነው እኮ፣ ለሁሉም አይገኝም።

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
ሃሃሃ። ግን እውነት፣ እኔም ከአንድ ቤት የገዛሁት ውስጥ የማዳበሪያ ክር አግኝቻለሁ። ዝም ብዬ ጠጣሁት። ለማን ይነገራል?

ጋሽ አቦል፦
ልጆች፣ በእኛ ጊዜ ቡና በከረጢት ታሽጎ አይሸጥም ነበር። ጎረቤት ተጠራርቶ ነበር የሚጠጣው። አንድ ሰው ብቻውን በወረቀት አጥልሎ መጠጣት ምን የሚሉት ነው?

የስድስት ኪሎ ተከራይ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ይምጡና አብረን እንጠጣ። ወረቀቱን እደብቀዋለሁ።

ጀንፈል፦
ቡና ቅምሻ ላይ ነው የምሠራው፤ የማውቀውን ልበል። ስፔሻሊቲ የሚባለው ቀማሾች ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ የሰጡት ቡና ነው። ማሸጊያው ማማሩ ውስጡን አያሳምረውም።
"ይርጋጨፌ" የሚል ጽሑፍ ብቻውንም ብዙ አይናገርም። የታጠበ ነው ወይስ በጀንፈሉ፣ ማለትም ከነቆዳው፣ የደረቀ? የዘንድሮ ምርት ነው ወይስ የአምና? ብለህ ጠይቅ። የታጠበ ይርጋጨፌ ቀለል ተደርጎ ሲቆላ አበባ አበባ፣ ሎሚ ሎሚ ይላል። በጀንፈሉ የደረቀ ጉጂ ወይም ሐረር ወደ ፍራፍሬ ያደላል። ሻጩ ጥያቄው ግራ ካጋባው አመስግነህ ውጣ።
ከዚያ ጥቂት ፍሬ መዳፍህ ላይ አፍስስልኝ በለው። ላዩ በዘይት ካብረቀረቀ ወይ በጣም ተቆልቷል ወይ ቆይቷል። ከሌላው ጋር ሳይጠቁሩ ገርጥተው የቀሩ ፍሬዎች ከበዙ፣ ሳይቀላ የተለቀመ ቡና ተቀላቅሎበታል። ከረጢቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ለጌጥ አይደለችም። ቡና ከተቆላ በኋላ ለቀናት ጋዝ ያወጣል፣ በእሷ በኩል ነው የሚተነፍሰው። ከረጢቱን ቀስ ብለህ ጫን አድርግና አሽትት። ለማጣሪያ ከተቆላ ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ያለው ይሻልሃል። ተፈጭቶ የተቀመጠ ግን በቀናት ውስጥ ሽታው ይጠፋል፣ አትግዛ።
ቤት ካልክ፣ ሐረር ከወደድክ ሞካራርን ሞክር። ጋላኒ ለማጣሪያ የሚሆን አቆላል አለው፣ ግን ከመሃል ከተማ ወጣ ይላል፣ ታክሲ ይጠይቅሃል። ቶሞካም ፍሬውን ይሸጣል፤ ለሞካህ ይስማማሃል፣ ለወረቀቱ ግን አልመክርህም።

የዋቬል ጎዳና ልጅ፦
መጨረሻ ላይ ያልከውን አልሰማሁም።

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
ጀንፈል፣ አንድ ጥያቄ። እኛ አምራቾቹ ነን፣ ታዲያ እዚህ ጥሩ ቡና መፈለግ ለምን ይህን ያህል ያደክማል?

ጀንፈል፦
ለውጭ ገበያ ደረጃ የበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ተከልክሎ ነው የኖረው። አገሪቱ ዶላር ትፈልጋለች። እዚህ ገበያ የሚወርደው በአብዛኛው ከዚያ የተረፈው ነው። ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን እዚሁ እንጠጣዋለን፣ ግማሽ ሲባል ግን በጥራት እኩል ተካፍለን አይደለም። ሌላው ደግሞ፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይቀላቀል ስለነበር የማን ማሳ እንደሆነ መለየት ይቸግር ነበር። በኋላ አሠራሩ ላላ። አሁን የገበሬውን ቀበሌ የሚጽፉ ከረጢቶች የምታዩት ለዚህ ነው።

ጥቁር ሲኒ፦
በፈረንጆቹ 2020 በውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ 185 ዶላር ከምናምን ሳንቲም ተሸጧል። ጠያቂያችን ሩብ ኪሎ መዝንልኝ ሊል ነው እንግዲህ።

የስድስት ኪሎ ተከራይ፦
ሩብ ኪሎ ስትል ትዝ አለኝ፣ በሩብ የሚሸጥ ቤት አለ? ግማሽ ኪሎ ለብቻዬ ሳልጨርሰው ይበላሽብኛል። ዋጋም ማንም አልጻፈልኝም።

እቴ ረከቦት፦
ዋጋ ዛሬ ቢጻፍልህ ነገ ሌላ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ ወርዷል፣ የዓለም ዋጋም በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ለፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። ደውለህ ጠይቅ። እኔ ግን አሁንም ጥሬ ግዛ ነው የምልህ። መስኮት ክፈት፣ ለጎረቤት አስቀድመህ ንገር፣ ስትጨርስ አንድ አንድ ሲኒ ላክላቸው።

ጋሽ አቦል፦
እቴ እንዳለችው አድርግ። ጎረቤት የሚተዋወቀው እንዲያ ነው።

ለገሃር፦
ይቅርታ፣ የእኔ መፍጫ እስካሁን አልተሠራም። ጥርሱን የሚያስተካክል ሰው የሚያውቅ አለ? አዲስ ልግዛ ብል የተጠየቅኩት ገንዘብ ራስ ያዞራል።

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
መርካቶ ምናለሽ ተራ ውሰጂው። ፈትተው ይሞርዱልሻል፣ ካልሆነም ከአሮጌ ማሽን የወጣ ጥርስ ፈልገው ይገጥሙልሻል። ከመክፈልሽ በፊት ግን እዚያው ቆመሽ ቡና አስፈጭተሽ እይ።

ማኪያቶ ሱሰኛ፦
ጠጠሩንም አሳዪያቸው፣ ዋጋ ይቀንሱልሽ ይሆናል።

የዋቬል ጎዳና ልጅ፦
ቶሞካ ይፈጩልሻል። መፍጫ ምን ያደርግልሻል?

ለገሃር፦
ወይ ጉድ! አንተ ሰው ድርሻ አለህ እንዴ እዚያ ቤት?

የስድስት ኪሎ ተከራይ፦
የምናለሽ ተራው ሰው የእጅ መፍጫም ይሠራል? የእኔም እጀታው ላልቷል።

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
ይሠራል። ቅዳሜ በጠዋት ሂድ፣ ከሰዓት በኋላ መንገዱ አያሳልፍም። አንተ፣ ቡናውንስ ከየት ገዛህ?