ከአንድ ጎን ጀምሮ የሚደርቅ ቡና፦ በመድኃኒት ይድናል?

ጥያቄ (የአጋሮ ልጅ)
ጤና ይስጥልኝ። ጎማ ወረዳ ባለው የአባቴ የቡና ማሳ ውስጥ ካለፈው ክረምት ወዲህ ሰባት ዛፎች ደርቀዋል። መጀመሪያ በአንድ ጎን ያለው ቅጠል ይጠወልጋል፤ ከዚያም በጥቂት ወራት ውስጥ ዛፉ በሙሉ ይደርቃል፤ ፍሬው ግን ያለጊዜው ቀልቶ ቅርንጫፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ዝርያው 74110 ስለሆነ በሽታ አይነካውም ብለን ነበር። መዳብ ያለበት ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት ብንረጨው ይድን ይሆን? አባቴ 20 ዓመት የደከመበት ማሳ ስለሆነ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

መልስ (የቡና ባለሙያ)
የገለጹት ምልክት የቡና ግንድ አድርቅ በሽታን ይመስላል። ለማረጋገጥ፣ መጠውለግ ከጀመረ ዛፍ ላይ ወደ መሬት የተጠጋውን የግንዱን ልጥ በቢላዋ ይፋቁ፤ ከሥሩ ሰማያዊ ጥቁር መስመር ካገኙ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ የሚኖረው ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል በሚወጣበት የግንዱ ውስጠኛ ክፍል ነው፤ ያንን መንገድ ስለሚዘጋው ዛፉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በጥም ይሞታል። ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት እዚያ አይደርስምና ገንዘብዎን አያባክኑ።

ስለ ዝርያው ብዙ ሰው ይሳሳታል። 74110 የተመረጠው በ1974 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ምክንያቱም ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በአገራችን የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ነበር። ያ ሌላ ፈንገስ ነው፤ ፍሬውን አጥቁሮ ያረግፋል እንጂ ግንዱን አያደርቅም። አንዱን መቋቋም ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

መልስ (ቡና አምራች፣ ሊሙ)
ወንድሜ፣ በእኔ ማሳ በሽታውን ያዛመተው ገጀራ ነበር። አረም ሲመነጠር የግንዱ ሥር ይቆስላል፤ ፈንገሱም በዚያ ቁስል ይገባል። ጉንደላም እንዲሁ ነው፤ የታመመውን የቆረጠ መጋዝ በእሳት ሳይለበለብ ወይም በአልኮል ሳይጠረግ ጤነኛውን መንካት የለበትም። አሁን በግንዱ ዙሪያ ያለውን አረም በእጅ ብቻ እንነቅላለን። የታመመውን ከነሥሩ ነቅላችሁ እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ አቃጥሉት። እንጨቱ ጥሩ ማገዶ ስለሆነ ሰው ወደ ቤት ለመውሰድ ይጓጓል፤ ነገር ግን እየጎተቱ በማሳው መካከል ማለፍ በሽታውን መዝራት ነው። እኔ ጉድጓዶቹን ሁለት ዓመት ቡና ሳልተክልባቸው ቆይቻለሁ። ከደረቀው ዛፍ ሥር የበቀለውንም ችግኝ አታንሱ።

የአጋሮ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጡን ስንፍቀው እንዳሉት ጥቁር መስመር አገኘን። ሰባቱን ነቅለናል፤ ነገር ግን ሁለት ዛፎች ገና በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ጠውልገዋል፣ ሌላው ጎናቸው ፍሬ ይዟል። እነሱን እስከ ለቀማ ብናቆያቸውስ?

መልስ (የቡና ባለሙያ)
አያቆዩአቸው። ከሁለቱ የምታገኙት ፍሬ ጥቂት ኪሎ ነው፤ እስከ ለቀማ ቢቆሙ ግን ለጎረቤቶቻቸው የበሽታው ምንጭ ይሆናሉ።

የአጋሮ ልጅ
አባቴ መልሱን ሳነብለት ብዙ ዝም አለ። ዛሬ ጠዋት ዶማውን ይዞ ሁለቱንም ራሱ ነቀላቸው።