የመኪና ሚዛንና ባርኮድ ማንበቢያ ከበር ወደ ቢሮ፦ ዩኤስቢ በኔትወርክ ያልፋል?

የአዘዞ_ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። አዘዞ ያለ የዱቄት ፋብሪካ ነው። የመኪና ሚዛኑ በር ላይ፣ ኮምፒውተሩ ቢሮ ውስጥ፤ በገመድ ልክ 80 ሜትር ያህል። የሚዛኑ ማሳያ ባለ 9 ፒን ገመዱ በዩኤስቢ መቀየሪያ ይሰካል፤ አጠገቡ የዩኤስቢ ባርኮድ ማንበቢያ አለ። በ15 ሜትር ማራዘሚያ ሲሞከር መሣሪያው ይታይና ይጠፋል። የኔትወርክ ስዊች (ገመዶችን የሚያገናኝ ሣጥን) አለ፤ ካት 6 የኔትወርክ ገመድም በሩ ድረስ ተዘርግቷል። በዚያ ማሳለፍ ይቻላል? መብራት እንደሚቆራረጥ አትርሱብኝ።

ኔትወርክ_ማራኪ፦
ማራዘሚያውን ተወው። ለዩኤስቢ 2.0 አንድ ገመድ ከ5 ሜትር እንዲበልጥ አይመከርም። ኮምፒውተሩ ጥያቄ ልኮ መልሱን የሚጠብቀው እንዲህ ባለው መቀየሪያ ላይ ከ2 ማይክሮ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ከዘገየ መሣሪያው የለም ብሎ ይቆርጠዋል። ታየ፣ ጠፋ የሚልህ ለዚህ ነው። ሲረዝም ሲግናሉም ይደክማል።

ገበያ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ዕቃዎች አሉ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የዩኤስቢ ማራዘሚያ ነው፤ በኔትወርክ ገመድ ይሄዳል እንጂ ኔትወርክ አይደለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለብቻው የተዘረጋ ገመድ ይፈልጋል፤ ስዊች ላይ አይሠራም፣ በገመዱ ኃይል የሚልክ ከሆነም ፖርቱን ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛው የዩኤስቢ ሰርቨር ነው። የራሱ አይፒ አድራሻ (በኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር) አለው፣ በስዊች ያልፋል፣ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ላይ የራሱ ሶፍትዌር ይጫናል። አይፒ አድራሻ የማይሰጠውን አትግዛ።

በርካሽ ከፈለግህ ራስፕቤሪ ፓይ 4 (ትንሽ ርካሽ ኮምፒውተር) ላይ የሊኑክሱ ዩኤስቢ አይፒ (ዩኤስቢን በኔትወርክ የሚያጋራ ሶፍትዌር) ይሠራል፤ በቲሲፒ ፖርት 3240 ነው የሚሄደው። ሦስት ነገር ተጠንቀቅ። ፓይው ጠፍቶ ሲነሳ መሣሪያውን ለኔትወርክ ማጋራቱን ይረሳል፤ ሲነሳ ራሱ የሚያጋራ ሰርቪስ ጻፍለት። ቢሮ ያለው ኮምፒውተርም ሲቋረጥ በራሱ አይመለስም፤ በየ10 ሰከንዱ አይቶ የሚያያይዝ ስክሪፕት ያስፈልገዋል። አራቱ የዩኤስቢ ፖርቶች በአንድነት የሚሰጡት 1.2 አምፔር ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚበላ ዕቃ ካለህ የራሱ ኃይል ያለው ሀብ (የዩኤስቢ ፖርት ማባዣ) ጨምር።

ሚዛን_ጠጋኝ፦
ለባርኮዱ የተባለው ልክ ነው። ሚዛኑን ግን ለምን በዩኤስቢ ታንገላቱታላችሁ? ከማሳያው የሚወጣው አርኤስ 232 (የቆየው የሲሪያል ግንኙነት) ነው፤ ዩኤስቢ ያደረገው መቀየሪያው ነው። መቀየሪያውን አውጥተህ በምትኩ የሲሪያል ሰርቨር (ሲሪያሉን በኔትወርክ የሚያሳልፍ ሣጥን) አድርግ። ከማሳያው ፒን 2፣ 3 እና 5 ብቻ ይበቃሉ፤ ምንም ካልመጣ 2 እና 3ን አቀያይር። የመላኪያ ፍጥነቱንና ቅንብሩን ከማሳያው ሜኑ አንብበህ ሲሪያል ሰርቨሩ ላይ አስገባ። ብዙ ጊዜ 9600፣ 8 ቢት፣ ፓሪቲ (የስህተት መፈተሻ ቢት) የሌለው፣ 1 ስቶፕ ቢት ነው፤ 7 ቢት ከኢቨን ፓሪቲ ጋር የሚጠቀሙም አሉ። ፊደሉ ተዘበራርቆ ከመጣ ችግሩ ከገመዱ ሳይሆን ከዚህ ነው። ቢሮ ላይ ምናባዊ ኮም ፖርት (በሶፍትዌር የተሠራ የሲሪያል መሰኪያ) ይፈጠርልሃል፤ የክብደት ፕሮግራሙ ልዩነቱን አያውቀውም።

የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሚያልፈው አጭር የጽሑፍ መስመር ስለሆነ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ አይጎዳም። ዩኤስቢ በኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ኮም ፖርቱ ራሱ ስለሚጠፋ ፕሮግራሙ ይደርቃል። ሲመለስም፣ የራሳቸው መለያ ቁጥር የሌላቸው ርካሽ መቀየሪያዎች ከኮም 3 ወደ ኮም 5 ሊዞሩብህ ይችላሉ።

የአዘዞ_ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሚዛኑ በሲሪያል፣ ባርኮዱ በዩኤስቢ ሰርቨር ይሁን። ሌላ አንድ፦ የሂሳብ ፕሮግራሙን የፈቃድ ዶንግል (ፕሮግራሙን የሚከፍት የዩኤስቢ ቁልፍ) ዩኤስቢ ሰርቨሩ ላይ ሰክቼ ለሁለት ኮምፒውተር ማካፈል ይቻላል?

ኔትወርክ_ማራኪ፦
በአንድ ጊዜ ለአንዱ ብቻ። አንዱ ሲይዘው ሌላው አያየውም። ለሁለት ከፈለግህ ከሻጩ የኔትወርክ ፈቃድ ጠይቅ።

ሽቦ_ዘርጊ፦
ገመዱ ሜዳ የሚያቋርጥ ከሆነ በመዳብ አትተወው። ጎንደር ክረምት መብረቁን ታውቁታላችሁ፤ በሩና ቢሮው የተለያየ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚገባ የኤሌክትሪክ መስመር) ካላቸው ልዩነቱ በገመዱ ገብቶ ስዊቹንም ማሳያውንም ያቃጥላል። ከበር እስከ ቢሮ ፋይበርና ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበሩን ከመዳብ ገመድ ጋር የሚያገናኝ) አድርግ፤ ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ወፍጮው ጋ ቪኤፍዲ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ካለ የኔትወርክ ገመዱን ከሞተሩ ገመድ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቀው፣ ማቋረጥ ግድ ከሆነም ቀጥ ባለ ማዕዘን ብቻ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) በሁለቱም ጫፍ ያስፈልጋል። ቢሮው ብቻ ካለው መብራት ሲሄድ የበሩ ስዊች ይሞታል። ፓይ ከመረጥክ ደግሞ የኤስዲ ካርዱን ለንባብ ብቻ አድርገው፤ እየጻፈ ኃይል ሲቋረጥ ይበላሻል። ዩኤስቢ አይፒ የይለፍ ቃልም ምስጠራም የለውም፤ የበሩን መሣሪያና የቢሮውን ኮምፒውተር በአንድ ቪላን (በስዊቹ ውስጥ የተለየ ኔትወርክ) ለይተህ ፖርት 3240ን ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ክፈት፣ በተለይ የእንግዳ ዋይፋይ እዚያው ስዊች ላይ ካለ።