ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰኝ ጠባዬ ነው ወይስ ሕመም?

ሒሳብ ሠራተኛው
ሰላም ለሁላችሁ። 47 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም። ስድስት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይፈጣል። ከዚያማ በቃ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ያለኝ ነገር፣ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ በ20 ዓመቴ የሠራሁት ስህተት ሳይቀር ተራ ይዞ ይመጣል። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ገና እያፈጠጥኩ ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንቀላፋለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ምንም አያስደስተኝም። ቅዳሜ ካርታ መጫወት እወድ ነበር፤ ከቀረሁ አራት ሳምንት ሆነኝ። ሚስቴ «አንተ ድሮም ሆደ ባሻ ነህ» ትላለች። እውነቷን ነው፣ እናቴም እንዲሁ ነበሩ። ግን በ30 ዓመቴም ሆደ ባሻ ነበርኩ፤ ያኔ ለጥ ብዬ ነበር የምተኛው። ታዲያ ምን መጣ?

የጎፋው
ወንድሜ፣ ቡና ስንት ሰዓት ነው የምትጠጣው? እኔ ማታ አቦል ቶና በረካ እያልኩ እንቅልፍ እምቢ አለኝ እል ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛው
ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አልቀምስም።

ነርሷ
የአእምሮ ጤና ክፍል ነው የምሠራው። ባለቤትህ ግማሹን አግኝታዋለች። እኛ ሆደ ባሻ፣ ስጉ የምንለውን ባለሙያዎች ኒውሮቲሲዝም ይሉታል፤ ከአምስቱ ዋና ዋና የጠባይ መለኪያዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለድብርት ይበልጥ ይጋለጣል። አንዱ መንገድ እንቅልፉ ነው፦ የሚያብሰለስል አእምሮ ሌሊት አያርፍም፣ ካላረፈ ደግሞ በማግስቱ ቀልድ እንኳ ስድብ ይመስለዋል።

ግን «በ30 ዓመቴም እንዲሁ ነበርኩ» ያልከው ላይ ቆምኩ። ጠባይህ ያው ከሆነ የተለወጠ ሌላ ነገር አለ። በሌሊት ነቅቶ መቅረትና የሚወዱት ነገር ማስጠላት ራሳቸው የድብርት ምልክቶች ናቸው። ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሐኪም ማየት ነው፤ አንተ ስድስት ወር ቆጥረሃል! ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮም አትጠብቅ።

የፒትስበርግ የእንቅልፍ መጠይቅ የሚባል አለ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ያለፈውን አንድ ወር ይጠይቅሃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ነው፣ ከ5 ካለፈ እንቅልፍህ ጥሩ አይደለም ማለት ነው። እስከዚያው እንቅልፍ እምቢ ሲልህ አልጋ ላይ አትገላበጥ። ተነስተህ ሳሎን ቁጭ በል፣ ሲመጣ ተመለስ። ሰዓት አትይ። የቱንም ያህል ብትተኛ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነስ። ደግሞ ታንኮራፋለህ? እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሰውም ቀን ቀን ይደክመዋል፣ ይከፋዋል።

እማማ 51
እኔም ጠባዬ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ተቀጣሁ። ላብ እያጠመቀኝ ነበር የምነቃው። ለካ የወር አበባ ሊቋረጥ ሲል የሚመጣው ሙቀት ነው። ሐኪሟ በአንድ ጥያቄ አገኘችው።

ሒሳብ ሠራተኛው
ነርሷ እህቴ፣ ሚስቴን «አንኮራፋለሁ እንዴ?» አልኳት። እስክታነባ ሳቀች። «የላይኛው ፎቅ ሰዎች ይሉኝታ ይዟቸው ነው እንጂ» አለችኝ። ሰዓቱን ሳሎን አውጥቼዋለሁ። ለሐሙስ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄያለሁ።