በፐብሊክ ፖሊሲና ማኔጅመንት የርቀት ማስተርስ፦ የት ብማር ይሻለኛል? (ጥቆማ)

የወሎ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቅድና በጀት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬን ሳልለቅ በፐብሊክ ፖሊሲና ማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪዬን በርቀት መማር እፈልጋለሁ። ሦስት አማራጮች ይዣለሁ፦ የለንደን ዩኒቨርሲቲ አባል የሆነው ሶአስ፣ በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል ሲሰጥ የማውቀው የሕንዱ ኢግኑ (ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ)፣ እና አቃቂ ማዕከል ያለው ዩኒሳ (የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ)። የተማራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። ኢንተርኔት ይቆራረጥብኛል፤ የምከፍለውም ከደመወዜ ነው።

ማርታ፦ ኢግኑ! ሌላ አትፈልግ። እኔ ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ነው የተማርኩት። ሞጁሉ ታትሞ እጅህ ይገባል፤ መብራት ቢጠፋ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ንባብህ አይቆምም። በእኔ ጊዜ አሳይመንቱ 30 በመቶ፣ የማጠቃለያ ፈተናው 70 በመቶ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ሳያነቡ ማለፍ አይቻልም። ዛሬ ቢሮ ውስጥ የምጽፈው ሪፖርት ሁሉ ከዚያ የተማርኩት ነው።

ዳዊት፦ እህቴ፣ ልጁ የጠየቀው ስለ ፐብሊክ ፖሊሲ ነው። አንቺ የነገርሽን ስለ ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ነው።

ማርታ፦ ሁለቱም ያው ነው።

ፖሊሲ አንባቢ፦ ያው አይደለም። ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን በብዛት የሚያተኩረው መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚደራጅ፣ ሠራተኛና በጀት እንዴት እንደሚመራ ላይ ነው። ፖሊሲ ደግሞ አንድ ችግር እንዴት የመንግሥት አጀንዳ እንደሚሆን፣ ከአማራጮቹ አንዱ ለምን እንደሚመረጥ፣ ወረቀት ላይ ያማረው ዕቅድ ቀበሌ ሲደርስ ለምን መልኩን እንደሚቀይር ይመረምራል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን፣ የምግብ ችግር ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚረዳውን የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ውሰድ። ተጠቃሚውን የሚለየው የአካባቢው ሕዝብ ኮሚቴ ነው፤ ኮታው የሚመጣው ግን ከላይ ነው። ኮታው ከችግረኛው ቁጥር ሲያንስ አንዱ ኮሚቴ ለጥቂቶች ሙሉውን ይሰጣል፣ ሌላው ለሁሉም ያካፍላል። ማን ትክክል ነው? በጀት የምትሠራ ሰው ከሆንህ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ጠረጴዛህ ላይ ይመጣል። ማኔጅመንቱም ቢሆን ከባድ ትምህርት ነው፤ ቢፒአር (የሥራ ሂደትን እንደ አዲስ መቅረጽ)፣ ቢኤስሲ (የሥራ ውጤት መመዘኛ)፣ ካይዘን (ሥራን በትንሽ በትንሹ ማሻሻል) እያልን የተቀበልናቸው መሣሪያዎች ከግል ኩባንያዎች ዓለም የመጡ ናቸው። በመንግሥት ቤት ውስጥ የት እንደሚሠሩና የት እንደማይሠሩ መለየት መቻል አለብህ። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ስም ከማየትህ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር አንብብ።

ከአዳማ፦ ከየትም ተማር፤ መጀመሪያ ግን የእኔን ስማ። ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ኮሌጅ ከተማችን ውስጥ ቅርንጫፍ ከፍቶ በርቀት ማስተርስ መዘገበን። ክፍያ ሲቀበሉ ፈጣኖች ነበሩ። የአሳይመንት ውጤት የምናየው ግን ከወራት በኋላ ነው። አማካሪዬ ሥራ መልቀቁን የሰማሁት ከግቢው ጥበቃ ነው። ይህን ሁሉ ችዬ ተመረቅሁ። መሥሪያ ቤቴ ማስረጃዬን ለማጣራት ሲልከው፣ ፈቃዱ ለዋናው ካምፓስ እንጂ እኛ ለተማርንበት ቅርንጫፍ አይደለም ተባለ። የደረጃ ዕድገቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለዓመታት እንቅልፌን ያጣሁበት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ሰላማዊት፦ እግዚአብሔር ይሁንህ ወንድሜ። የትኛው ኮሌጅ ነው? እኔም አዳማ ልመዘገብ ነበር።

ከአዳማ፦ ስሙን እዚህ አልጽፍም። አንቺ ልትመዘገቢበት ያሰብሽው ቅርንጫፍ ፈቃድ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ገረመው፦ ዲግሪ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ምን አደከመው? ማተሚያ ቤት ይቀርበው የለም ወይ! ርቀት ትምህርት እኮ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መንግሥት ራሱ አግዶት ነበር።

ማርታ፦ አቶ ገረመው፣ ሌሊት ሌሊት አንብበን የተፈተንን ሰዎች እዚህ አለን። አክብሩን።

የትምህርት ጉዳይ፦ እገዳው በኋላ በቅድመ ሁኔታ ተነሥቷል። የአዳማው ወንድማችን የደረሰበት ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ብቻ አይደለም፤ ለፕሮግራሙ፣ ለደረጃው፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ማለትም በመደበኛ ወይም በርቀት ለመሆኑ በየራሱ ነው። አንድ ኮሌጅ በመደበኛ ማኔጅመንት እንዲያስተምር ተፈቀደለት ማለት በርቀት ፖሊሲ ያስተምር ማለት አይደለም። ከመክፈልህ በፊት ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄደህ እነዚህን አራቱን ለይተህ ጠይቅ። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ደግሞ ስለ አቻ ግምት፣ ማለትም ዲግሪው እዚህ አገር ከየትኛው ደረጃ ጋር እኩል እንደሚቆጠር፣ ዛሬውኑ ጠይቅ፤ ከተመረቅህ በኋላ አይደለም። ወንድሜ ከአዳማ፣ አንተም የክፍያ ደረሰኞችህንና የምዝገባ ወረቀትህን ይዘህ እዚያው አመልክት። ብቻህን አትሂድ፤ አብረውህ የተመረቁትን ሰብስብ።

ከአዳማ፦ አመሰግናለሁ። ደረሰኞቹ አሉኝ።

ሪያድ ያለሁት፦ እኔ ሳዑዲ ነኝ፤ ዲግሪዬ በአካውንቲንግ ነው። ከዚህ ሆኜ ኤም ቢ ኤ መማር እችላለሁ?

ዳዊት፦ እህቴ፣ ለብቻው ብትጠይቂ ይሻላል። እዚህ ተቀብሮ ይቀራል።

ለንደንን የሞከረ፦ ስለ ሶአስ የጠየቅኸውን ማንም ስላልመለሰልህ እኔ ልንገርህ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ከ1858 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርቀት ዲግሪ ሲሰጥ የኖረ ነው፤ የሶአስ ትምህርትም ከፍ ያለ ነው። ንባቡ ብዙ ነው፤ ድርሰትህን በክርክር እንድትጽፍ እንጂ ሞጁሉን እንድትገለብጥ አይፈቅዱልህም። ችግሩ ገንዘቡ ነው። ክፍያው በፓውንድ ነው፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ በብር ያሰብሁት በጀት ፈረሰ። በየሞጁሉ መክፈል መቻሉ ትንሽ ያቀልላል እንጂ ከወረዳ ደመወዝ አይወጣም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፤ ብዙ ሰው የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ አለ ይልሃል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ (በብዛት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበሩ አገሮች ማኅበር) አባል አይደለችም፤ ለእኛ አይሆንም። ቅጹን በመሙላት ጊዜህን አታጥፋ።

አቃቂ፦ ዩኒሳ እዚህ ማዕከሉን የከፈተው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ማስተርሱ በብዛት በጥናት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ክፍል ገብተህ የምትማር አይምሰልህ። የጥናት ርእስህን ይዘህ ትገባለህ፣ ከአማካሪህ ጋር ትሠራለህ። ራሱን መግዛት ለሚችል ሰው ጥሩ ነው። ሰው ካልገፋው ለማያነብ አልመክርም።

የስድስት ኪሎ፦ ለምን በርቀት? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፐብሊክ ማኔጅመንትና ፖሊሲ ማስተርስ አለው፤ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም ለመንግሥት ሠራተኛ የተቋቋመ ነው። ከክፍል ጓደኛህ የምታገኘውን ሞጁል አይሰጥህም። ለአገር ውስጡ ማስተርስ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዳለ አትርሳ፤ አሁኑኑ ተዘጋጅ።

ዳዊት፦ ሰውየው ደሴ ነው ያለው! ማታ ማታ ከደሴ ስድስት ኪሎ ይመላለስ?

የስድስት ኪሎ፦ ዝውውር ይጠይቅ። የሚፈልግ ሰው መንገድ አያጣም።

የወሎ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝውውሩ አይሆንም፤ ልጆች አሉኝ። የአራቱን ፈቃድ ነገር ባላውቅ ኖሮ ለአንድ ቅርንጫፍ ልከፍል ነበር። ነገ የሰው ሀብት ክፍሉን የሥራ መደቤ ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽንን እንደ ተዛማጅ ሙያ ይቀበል እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ማርታ፦ ይቀበላል! የእኔ ተቀብሏል።

የትምህርት ጉዳይ፦ በጽሑፍ ይስጡህ። የቃል መልስ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

ሰላማዊት፦ ማርታ፣ ያገለገሉ የኢግኑ ሞጁሎች የሚሸጥ ታውቂያለሽ? ሳልመዘገብ አንብቤ መለየት ፈልጌ ነው።

ማርታ፦ የእኔ አሉ። አልሸጣቸውም፤ ዳር ዳሩን ሁሉ ጽፌበታለሁ። ግን መጥተሽ በውሰት ውሰጂ፤ አንብበሽ መልሽልኝ።