ኢንዲያና ጆንስ ታቦቱን አክሱም ሳይሆን ግብጽ የፈለገው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ የታሪክ መምህር፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከታሪክ ክበባችን አባላት ጋር «ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም ተመለከትን። ሃሪሰን ፎርድ የሚጫወተው አርኪዮሎጂስት ኢንዲያና ጆንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ከናዚዎች ቀድሞ የቃል ኪዳኑን ታቦት ለማግኘት ወደ ግብጽ፣ ወደ ጥንታዊቷ የታኒስ ከተማ ይጓዛል። ፊልሙ እንዳለቀ አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «መምህር፣ ታቦቱ አክሱም ነው ሲባል ሰምተን አድገናል፤ እነዚህ ሰዎች ታኒስ ላይ ምን ይቆፍራሉ? ዓመቱስ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት አይደለም?» ስትል ጠየቀችኝ። ሌላው ተማሪ ደግሞ ፊልሙን አይቶ አርኪዮሎጂ ለማጥናት እንደ ወሰነ ነገረኝ። በውሳኔው ደስ ቢለኝም፣ ሙያው ፊልሙ እንዳሳየው ነው ብሎ እንዲጀምር አልፈልግም። ለሁለቱም በቂ መልስ ይዤ መመለስ ስለምሻ የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦ የጥንት ታሪክ አንባቢ

መምህር፣ የተማሪዎ ጥያቄ በጣም ትክክለኛ ነው። የፊልሙ ታሪክ መነሻ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 14 ሲሆን፣ በዚያ ላይ የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም በነገሠ በ5ኛው ዓመት የግብጹ ንጉሥ ሺሻቅ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የቤተ መቅደሱንና የንጉሡን ቤት መዛግብት እንደ ወሰደ ተጽፏል። መጽሐፉ በዚህ ዝርፊያ ውስጥ ታቦቱን በስም አይጠቅስም፤ ታቦቱ ወደ ታኒስ ተወስዶ ተቀበረ የሚለውን የጨመሩት የፊልሙ ደራሲዎች ናቸው። ታኒስ ግን በናይል ደለል ላይ የሚገኝ እውነተኛ ጥንታዊ ከተማ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሞንቴ እ.ኤ.አ. በ1939 በዚያ የነገሥታት መቃብሮችን አግኝቷል። በፊልሙ የምናየው በረሃ ደግሞ የተቀረጸው ቱኒዚያ ውስጥ ነው።

አሁን ክብረ ነገሥትን ከዚህ ጎን ያስቀምጡት። በክብረ ነገሥት ትረካ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስና ባልንጀሮቹ ታቦቱን ይዘው ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር የወጡት ሰሎሞን ራሱ በዙፋኑ ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ ይህን ትረካ ለሚቀበል ሰው፣ ሺሻቅ በሮብዓም ዘመን ሲመጣ ታቦቱ በኢየሩሳሌም አልነበረም። ተማሪዎ ሁለቱን ዘመናት በአንድ መስመር ላይ ብታሰፍር መልሱን ራሷ ታገኘዋለች።

ስለ ዓመቱ ያለችውም የሚያስደንቅ አስተውሎት ነው። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ፊልሙ ናዚዎችን በምናብ ታቦት ሲያስቆፍር፣ በማግሥቱ ዓመት የሙሶሊኒ ሰዎች በእውን የአክሱምን ሐውልት ወደ ሮም ጭነው ወሰዱ። ሐውልቱ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም.፣ በቦታው ቆሞ የተመረቀው ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ነው። እኔ ብሆን ትምህርቱን ከዚህ እጀምር ነበር።

መልስ 2፦ የቁፋሮ ሠራተኛ

ስለ ሙያው ልጨምር። ፊልሙ ሲከፈት ኢንዲያና ፔሩ ውስጥ የወርቁን ጣዖት ከመቀመጫው አንሥቶ በአሸዋ ከረጢት ይተካዋል። ስለዚያ ክፍል አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም፤ ሥዕል አላነሣም፤ አልለካም። እኔ በሠራሁበት ቁፋሮ መሬቱ በችንካርና በሲባጎ በአራት ማዕዘን ይከፋፈላል፤ አፈሩ በስሱ እየተፋቀ በወንፊት ይነፋል፤ የተገኘችው ስባሪ ገል ከየትኛው ማዕዘንና ከስንት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እንደ ወጣች ከረጢቷ ላይ ይጻፋል። ከላይ ያለው አፈር በአብዛኛው ከታቹ ይልቅ ለእኛ ዘመን የቀረበ ስለሆነ፣ ዕቃው ከነበረበት ንብርብር ሳይመዘገብ ከወጣ ዕድሜውንና አገልግሎቱን የሚነግረን ነገር አብሮ ይጠፋል። በአገራችንም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። ተማሪው ይህን ሥራ ከወደደው በእርግጥ ለሙያው የተፈጠረ ነውና አበረታቱት።

መልስ 3፦ የጅማ ልጅ

የቁፋሮ ሠራተኛው ያሉት ነገር በእኛም ቤት ደርሷል። አያቴ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበራት፤ መቀመጫው ከመቀመጥ ብዛት ከመለስለሱ የተነሣ ቅቤ የተቀባ ይመስል ነበር። አንድ መንገደኛ ገዝቶት ሄደ። ማን እንደ ጠረበው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ለማን ሠርግ እንደ ተሠራ የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች፤ ማንም ሳይጠይቃት ዐረፈች። በርጩማው ዛሬ የትም ቢሆን፣ በእጁ ለያዘው ሰው የጅማ በርጩማ ከመባል ያለፈ ታሪክ የለውም። መምህር፣ ተማሪዎችዎ አያቶቻቸውን አሁኑኑ ይጠይቁልን።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ የበርጩማውን ነገር ስሰማ እጅግ አዝኛለሁ፤ ምክርሽን ተቀብያለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይዣቸው እወጣለሁ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ አሮጌ ዕቃ መርጦ፣ ከምን እንደ ተሠራ፣ ማን እንደ ሠራውና በማን እጅ እንዳለፈ ቤተሰቡን ጠይቆ፣ ለክቶና ሥሎ እንዲመጣ አዝዣለሁ። ጠያቂዋ ተማሪ የሰሎሞንን፣ የሮብዓምንና የሺሻቅን ዘመን በሰሌዳ ላይ እንድታሰፍርልን ተስማምታለች።